ዜታ ፈንክሽን እና ኦቶሞርፊክ ሪፕረዘንቴሽን፦ ምን አገናኛቸው?

ፔዳ_ማስተርስ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ የሒሳብ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ነምበር ቲዎሪ ላይ ለመሥራት ቆርጫለሁ፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ።

የማነበው ሁሉ "የዚህ ቫራይቲ ዜታ ፈንክሽን የኦቶሞርፊክ ኤል ፈንክሽኖች ብዜት ነው" ይላል። ቫራይቲ በኢኩዌሽን የሚገለጽ ቅርጽ ነው፤ ኤል ፈንክሽን ደግሞ እንደ ዜታው በየፕራይሙ አንድ ቅንፍ ያለው ብዜት ነው። የሁለቱንም ትርጉም አውቃለሁ። ዜታው የሚሠራው ኢኩዌሽኑ በየፕራይሙ ስንት መፍትሔ እንዳለው ከመቁጠር ነው። ኦቶሞርፊክ ሪፕረዘንቴሽን ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ አዴል፣ ግሩፕ፣ የፈንክሽን ስፔስ። አንዱ ቆጠራ ነው፣ ሌላው ሲሜትሪ። ለምን ይገናኛሉ? ትርጉሙን መሸምደድ አይደለም የምፈልገው። ነገሩን ማየት ነው። አጠገቤ በዚህ ርዕስ የሚሠራ ሰው ስላላገኘሁ እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

ቾክና_ሰሌዳ

ወንድሜ እንኳን መጣህ። ከዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ጥያቄ በመነሣቱ ደስ ብሎኛል።

አንድ ነገር ልለምንህ። አዴሉን ለጊዜው አስቀምጠውና ወረቀት አውጣ። ኤክስና ዋይን ትቼ ሀ እና ለ እያልኩ እጽፋለሁ፣ ፕራይሙን ፕ።

ከቀላሉ እንጀምር። ሀ² + 1 = 0። በፕ አካፍለህ የሚተርፈውን ብቻ ያዝ። በ5፣ 2 እና 3 መፍትሔ ናቸው። በ13፣ 5 እና 8። በ7 ምንም የለም፣ በ11ም የለም። ለምን? ፕራይሙ በ4 ተካፍሎ 1 ከተረፈው ሁለት መፍትሔ አለ። 3 ከተረፈው ባዶ ነው። እንግዲህ መቶ አሃዝ ያለው ፕራይም ቢሰጡህ ሀን አንድ በአንድ አትሞክርም። የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች አይተህ መልሱን ትናገራለህ።

የጥያቄህ እምብርት እዚህች ላይ አለ። በአንድ ወገን ቆጠራ አለ። በሌላው ወገን ሳትቆጥር ውጤቱን የሚነግርህ ሥርዓት አለ። እዚህ ላይ ሥርዓቱ የድሪክሌ ካራክተር (ቁጥሩ ሲካፈል የሚተርፈውን ብቻ አይቶ ዋጋ የሚሰጥ፣ ብዜትን የሚጠብቅ ፈንክሽን) ነው፤ ማለትም የአንድ በአንድ ማትሪክስ ግሩፕ ኦቶሞርፊክ ሪፕረዘንቴሽን። የዚህን ዓይነቱን ነገር ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1801 (በዚህ ክር የሒሳቡ ታሪክ ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) አሳተመ፣ አርቲን በ1927 በሰፊው አረጋገጠ።

አሁን አንድ ደረጃ ከፍ በል። ለ² + ለ = ሀ³ − ሀ²። በ2፣ በ3፣ በ5 እና በ7 ቁጠርና እዚህ ለጥፍልን።

የዘጌው

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ የሒሳብ ተማሪ አይደለሁም። ዘጌ ተወልጄ አብነት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ የተማርኩ ሰው ነኝ። መምህሯ "የሚተርፈውን ብቻ ያዝ" ስትል ቀና አልኩ። የእኛ ሥራ እኮ መግደፍ ነው፤ አካፍሎ የሚተርፈውን መያዝ።

በእኛ አቆጣጠር የ2018ን እንይ፤ ወንበር፣ አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉት የአጽዋማትና የበዓላት ቀን ማውጫ ቁጥሮች ናቸው። 5500 ሲደመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ነው። በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል። አንድ ሲነሣለት ወንበሩ 12። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፉት አበቅቴ 12 ይሆናል። በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፉት መጥቅዕ 18 ይሆናል። ሁለቱ ተደምረው 30። በየዓመቱ እንዲሁ ነው።

ጥያቄዬ፦ እኛ የምንገድፈው በታወቁ ጥቂት ቁጥሮች ነው። እናንተ በፕራይም ሁሉ የምትገድፉት ለምንድን ነው?

ቾክና_ሰሌዳ

እርስዎን እዚህ ማግኘታችን ትልቅ ነገር ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 የሚሆኑት 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ ነው። ወንበሩ ምንም ቢሆን ድምሩ የ30 ብዜት ነው።

ለጥያቄዎ፦ አንድ ፕራይም ስለ ኢኩዌሽኑ የሚነግረን ጥቂት ነው። የሁሉም ፕራይሞች ወሬ አንድ ላይ ሲሰበሰብ ግን ስለ ራሽናል (ክፍልፋይ ቁጥር ስለሆኑት) መፍትሔዎቹ ትልቅ ነገር ይናገራል። ዜታ ፈንክሽን ያ ስብስብ ነው። በየፕራይሙ የተቆጠረውን አንድ ቅንፍ ውስጥ አስገብተን ቅንፎቹን ሁሉ እናባዛቸዋለን። ኦይለር በ1737 ለተራው ዜታ እንዲህ አደረገ።

ፔዳ_ማስተርስ

ቆጥሬ መጣሁ። መብራት ስለሌለ በስልክ ብርሃን ነው የሠራሁት። በ2 አራት፣ በ3 አራት፣ በ5 አራት፣ በ7 ዘጠኝ።

የ7ን ላሳያችሁ። ለ ከ0 እስከ 6 ሲሄድ ለ² + ለ፦ 0፣ 2፣ 6፣ 5፣ 6፣ 2፣ 0። ሀ³ − ሀ² ደግሞ፦ 0፣ 0፣ 4፣ 4፣ 6፣ 2፣ 5። ከዚያ ማዛመድ ነው። 0 ከላይም ከታችም ሁለት ጊዜ ስላለ 4 ጥንድ። 6 ላይ 2፣ 2 ላይ 2፣ 5 ላይ 1። 4 ከላይኛው ዝርዝር የለም። ድምር 9።

ቆጣሪዋ

እኔም ቀጠልኩበት። በ13 ዘጠኝ፣ በ17 አሥራ ዘጠኝ፣ በ19 አሥራ ዘጠኝ፣ በ23 ሃያ አራት። እስቲ ደርድሯቸው፦ 4፣ 4፣ 4፣ 9፣ 9፣ 19፣ 19፣ 24። አንድ ጨምሩባቸው። ሁሉም በ5 ይካፈላሉ! ያስቸገረኝ 11 ብቻ ነው። እዚያ 10 ነው የወጣው፤ አንድ ሲጨመር 11 ይሆናል፣ በ5 አይካፈልም።

ቾክና_ሰሌዳ

እህቴ፣ በጣም ጎበዝ ነሽ። የጨመርሻት አንዷ በኢንፊኒቲ ላይ ያለችው ፖይንት ናት። ከርቩ በራሽናል ቁጥሮች ላይ ያሉት ፖይንቶች አምስት ብቻ ናቸው፦ (0፣ 0)፣ (0፣ −1)፣ (1፣ 0)፣ (1፣ −1) እና ኢንፊኒቲ። አምስቱ እርስ በርስ እየተደመሩ ግሩፕ ይሠራሉ። በየፕራይሙ ስትገድፊ ይህ የአምስት ግሩፕ በትልቁ ግሩፕ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ በላግራንዥ ቴዎረም (የትልቁ ግሩፕ ብዛት በውስጡ ባለው ትንሽ ግሩፕ ብዛት ይካፈላል) የትልቁ ብዛት በ5 መካፈል ግድ ነው። 11ን እንመለስበታለን፣ እሱ ለብቻው ወግ አለው።

ፓይተን_በጣና

ፓሪ ጂፒ በሚባለው የነምበር ቲዎሪ ሶፍትዌር አስኬድኩት። ከፕ ላይ የመፍትሔውን ብዛት ቀንሱና ጉድለት እንበለው። በ2 ላይ −2፣ በ3 ላይ −1፣ በ5 ላይ 1፣ በ7 ላይ −2፣ በ13 ላይ 4፣ በ17 ላይ −2፣ በ19 ላይ 0፣ በ23 ላይ −1።

አሁን ከርቩን እርሱት። ይህን ብዜት ዘርዝሩት፦

ቀ × (1−ቀ)²(1−ቀ²)²(1−ቀ³)²… × (1−ቀ¹¹)²(1−ቀ²²)²(1−ቀ³³)²…

ሲዘረዘር፦ ቀ − 2ቀ² − ቀ³ + 2ቀ⁴ + ቀ⁵ + 2ቀ⁶ − 2ቀ⁷ − 2ቀ⁹ − 2ቀ¹⁰ + ቀ¹¹ − 2ቀ¹² + 4ቀ¹³…

በፕራይም ቦታዎቹ ላይ ያሉትን ኮኢፊሸንቶች ከጉድለቶቹ ጋር አስተያዩ። −2፣ −1፣ 1፣ −2፣ 4። ፀጉሬ ነው የቆመው።

ቲዎሪ_ይቅደም

ያምራል፣ አልክድም። ግን ይህን ማሽን በሰከንድ ይሠራዋል። ለማስተርስ ተማሪ በእጅ መቁጠር ጊዜ መፍጀት ነው። ሪፕረዘንቴሽን ቲዎሪውን፣ ኮሆሞሎጂውን ቶሎ ይያዝ። ጥናታዊ ጽሑፎቹ የተጻፉት በዚያ ቋንቋ ነው።

ቾክና_ሰሌዳ

ማሽኑ ውጤቱን ይሰጠዋል እንጂ ጥያቄውን አይሰጠውም። "ለምን በ5 ይካፈላል?" የሚለው ጥያቄ የመጣው በእጅ ከቆጠረች ልጅ ነው። ቲዎሪው ይምጣ፣ ግድ ነው። ሲመጣ ግን ስለምን እንደሚያወራ ልጁ አስቀድሞ ይወቅ።

ፔዳ_ማስተርስ

እኔ በዚህ መምህሯን እደግፋለሁ። አሁን ጥያቄዬ ጠበበልኝ። ያ ብዜት ስለ ከርቩ እንዴት ሊያውቅ ቻለ?

ጎርጎራ_ማዶ

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ረዘም ያለ መልስ አለኝ፤ ቡና ያዙ።

ያ ብዜት ሞዱላር ፎርም ነው፤ በላይኛው ግማሽ ፕሌን ላይ ያለ፣ ሲሜትሪ የበዛበት ፈንክሽን። ክብደቱ 2፣ ደረጃው 11። ይህ ከርቭ ከእሱ ጋር እንደሚገጥም ማርቲን አይክለር በ1954 አሳየ። አሁን ሞዱላር ፎርሙን ወደ ኦቶሞርፊክ ሪፕረዘንቴሽን እንለውጠው፤ ያን ጊዜ የምስጢሩ አንድ ወገን ይገለጣል።

ለእያንዳንዱ ፕራይም ፒ-አዲክ የሚባል የቁጥር ዓለም አለ። እነዚያን ሁሉ ከእውነተኛ ቁጥሮች ጋር በአንድ ላይ ያዛቸው፤ አዴል ማለት ያ ነው። በአዴል ላይ ያሉትን ሁለት በሁለት ማትሪክሶች ግሩፕ ውሰድ። በዚያ ግሩፕ ላይ ያሉ፣ በራሽናል ማትሪክስ ቢባዙ የማይለወጡ ፈንክሽኖች አሉ። ግሩፑ ራሱ እነዚህን ፈንክሽኖች እያንቀሳቀሰ ይሠራባቸዋል። ከዚያ ስፔስ ውስጥ ከዚህ በላይ የማይከፈል ቁራጭ ስታወጣ ኦቶሞርፊክ ሪፕረዘንቴሽን አገኘህ።

እዚህ ጋ ቆም በል። ይህ አንድ ቁራጭ በየፕራይሙ አንድ አንድ ክፍል አለው። ከጥቂት ፕራይሞች በስተቀር ደግሞ እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ኮምፕሌክስ ቁጥሮች ሙሉ በሙሉ ይገልጹታል። የሳታኬ ፓራሜትር ይባላሉ። ለእኛ ሞዱላር ፎርም በ7 ላይ ያሉት ሁለቱ ቁጥሮች በተለመደው አጻጻፍ ድምራቸው −2፣ ብዜታቸው 7 ነው።

ወደ ከርቩ ዙር። በ7 የተገደፈው ከርቭ ላይ ፍሮቤኒየስ የሚባል እንቅስቃሴ አለ፤ ሀን ወደ ሀ⁷፣ ለን ወደ ለ⁷ ይወስዳል። ፍሮቤኒየስም ሁለት የራሱ ቁጥሮች አሉት። ድምራቸው −2፣ ብዜታቸው 7! እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ካወቅህ 49 ቁጥሮች ባሉት ፊልድ ላይ ስንት ፖይንት እንዳለ ሳትቆጥር ትናገራለህ። የካሬዎቻቸው ድምር 4 − 14 = −10 ነው። ስለዚህ 49 + 1 + 10 = 60። የአንተ 9 ከኢንፊኒቲ ጋር 10 ነበር፤ 60ም በ10 ይካፈላል፣ መካፈልም አለበት።

ስለዚህ "ቆጠራና ሲሜትሪ ለምን ይገናኛሉ?" ስትል፣ ለዚህ ከርቭ መልሱ ይህ ነው፦ ከርቩ ራሱ ሞዱላር ከርቭ ነው። የላይኛውን ግማሽ ፕሌን ከሁለት በሁለት ማትሪክሶች በወጣ ግሩፕ አጣጥፈህ የምታገኘው ነው። ከእነዚህ ማትሪክሶች ሄኬ ኦፐሬተሮችም ይወጣሉ፤ በየፕራይሙ አንድ አንድ ሆነው በሞዱላር ፎርሞች ላይ ይሠራሉ። ከርቩን በፕ ስትገድፈው የፕ ሄኬ ኦፐሬተር በፍሮቤኒየስና በጥንዱ ድምር ይተካል። የአይክለርና የሺሙራ ዝምድና የሚባለው ይህ ነው። ሲሜትሪውና ቆጠራው እዚህ ላይ ፊት ለፊት ይገናኛሉ።

ሺሙራ ቫራይቲዎች የዚህ ታላላቅ ወንድሞች ናቸው። እነሱም ከግሩፕ የተሠሩ ናቸው። ላንግላንድስ ያቀደውና ኮትዊትስ ያስፋፋው መንገድ እንዲህ ይሄዳል፦ ቫራይቲው በፕ ስንት ፖይንት እንዳለው በግሩፕ ቋንቋ ትጽፈዋለህ። ከዚያ ኦቶሞርፊክ ሪፕረዘንቴሽኖችን ከሚደምረው ቀመር፣ ከአርተርና ከሰልበርግ ትሬስ ፎርሙላ ጋር ታስተያየዋለህ። ሁለቱን ለማስተካከል ፈንዳመንታል ሌማ የሚባል ነገር አስፈለገ። ስሙ ሌማ (ትንሽ ረዳት ቴዎረም) ነው እንጂ ለዓመታት ያልታለፈ ግድግዳ ነበር። ሃኖይ ተወልዶ ያደገው ንጎ ባኦ ቻው አረጋገጠውና በ2010 የፊልድስ ሜዳል ተሸለመ።

የሐሳቡ ሁሉ መነሻ ግን አንድ ደብዳቤ ነው። በጥር 1967 ሮበርት ላንግላንድስ ፕሪንስተን ሆኖ ለታዋቂው የሒሳብ ሊቅ ለአንድሬ ቬይ 17 ገጽ በእጁ ጻፈ። ያን ጊዜ 30 ዓመቱ ነበር። ለማንበብ ፈቃደኛ ካልሆኑ ቅርጫት ውስጥ ይጣሉት ብሎ ነው የላከው። ያ ደብዳቤ ዛሬ የላንግላንድስ ፕሮግራም ለምንለው ሁሉ በር ከፈተ። ላንግላንድስም እ.ኤ.አ. በ2018 የአቤል ሽልማት ተቀበለ።

ሦስተኛ_ዓመት

ይቅርታ፣ ልጠይቅ። የፌርማን የመጨረሻ ቴዎረም ያረጋገጠው ዋይልስ ይህን ሁሉ አልጨረሰውም እንዴ?

ጎርጎራ_ማዶ

አልጨረሰም ወንድሜ። የዋይልስ ሥራ ስለ ኤሊፕቲክ ከርቮች ነው፤ የእኛም ከርቭ ከእነሱ አንዱ ነው። ከቴይለር ጋር በ1995 የታተመው አንድ ትልቅ ክፍላቸውን ሸፈነ፤ ለፌርማ የበቃው ያ ነው። በራሽናል ቁጥሮች ላይ ያሉትን በሙሉ በ2001 ብሮይ፣ ኮንራድ፣ ዳይመንድና ቴይለር ጨረሱ። ልዩነቱን ያዝ። የእኛ ከርቭ ከግሩፕ እንደተሠራ ከመጀመሪያው ይታያል። ሌሎቹ ኤሊፕቲክ ከርቮች ግን ከግሩፕ ጋር ዝምድና እንዳላቸው የሚያሳይ ምንም ነገር ፊታቸው ላይ የለም። ሁሉም ዘመድ ሆነው መገኘታቸው ነው ትልቁ ነገር።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ረጅም ነው። ጂነስ 2 ላላቸው (ከኤሊፕቲክ አንድ ደረጃ ለሚወሳሰቡ) ከርቮች ቦክስር፣ ካሌጋሪ፣ ጂ እና ፒሎኒ በ2021 ባሳተሙት ሥራ ዜታው በመላው ኮምፕሌክስ ፕሌን ላይ ሜሮሞርፊክ (ከተነጣጠሉ ነጥቦች በስተቀር ለስላሳ) ሆኖ እንደሚዘረጋ አሳይተዋል። ለማንኛውም ቫራይቲ ብለህ ብትጠይቅ ግን ገና ኮንጀክቸር ነው። ሥራ ሞልቷል።

እምቦጭ_ነቃይ

አንባቢ ነኝ፣ በቅንነት ልጠይቅ። ሐይቃችን በእምቦጭ ተጨንቋል። ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን የሚያሳልፍበት እያጣ ነው። እንዲህ ዓይነት ጭንቅላት ያላቸው ልጆች ወደዚያ ቢዞሩ አይሻልም ወይ?

ቾክና_ሰሌዳ

ጥያቄህ ከልብ ስለሆነ ከልብ እመልሳለሁ። እምቦጩ ያሳስበኛል፤ ተማሪዎቼን ይዤ ወጥቼ ነቅያለሁ። ግን አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ሐይቁን የሚያጠና ባለሙያ ያስፈልገናል፣ የነምበር ቲዎሪ ባለሙያም ያስፈልገናል።

ፓይተን_በጣና

በእኔ በኩል ልጨምር። ዋትስአፕ ላይ መልእክት ስትልክ የሚቆልፍልህ ኤሊፕቲክ ከርቭ ነው። ፕራይሙ 2²⁵⁵ − 19 ነው። ከርቩ የተመረጠው የፖይንቶቹ ብዛት ተቆጥሮ ነው፤ ብዛቱ የ8 እና የአንድ ግዙፍ ፕራይም ብዜት ነው። ብዛቱ ወደ ትናንሽ ፕራይሞች የሚበታተን ቢሆን ቁልፉ ይሰበር ነበር። እዚህ ከ7 ላይ 9 ብለን የቆጠርነውና ያኛው አንድ ዓይነት ቆጠራ ነው። ለትልቅ ፕራይም እንዴት በፍጥነት እንደሚቆጠር ስኾፍ በ1985 አሳየ።

የዘጌው

እኔ ደግሞ ጥቅም ቢኖረውም ባይኖረውም መማር ደግ ነው እላለሁ። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ይህን ቆጠራ አሳየኋት፣ በ3 እና በ5 ብቻዋን ሠራችው።

ፔዳ_ማስተርስ

የ7ን ስጧት፣ ትደርስበታለች። መምህር፣ 11 ቀረ። ስቆጥር እኔም 10 ነው ያገኘሁት። ብዜቱ ላይ ደግሞ የቀ¹¹ ኮኢፊሸንት 1 ነው። 11 − 10 = 1፣ ይገጥማል። ታዲያ በ5 የመካፈሉ ነገር ለምን ቀረ?

ቾክና_ሰሌዳ

በ11 ስትገድፈው ከርቩ ይበላሻል። (8፣ 5) ላይ ራሱን ያቋርጣል። አረጋግጥ። የለ ወገን ዴሪቬቲቭ 2ለ + 1 ነው፤ ለ 5 ሲሆን 11 ይሆናል፣ ማለትም ዜሮ። የሀ ወገን 3ሀ² − 2ሀ ነው፤ ሀ 8 ሲሆን 192 − 16 = 176፣ እሱም 16 × 11 ነው። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ እዚያ ከርቩ ለስላሳ አይደለም። (8፣ 5) ከርቩ ላይ መሆኑንም እይ፦ 25 + 5 = 30፣ 512 − 64 = 448፣ ሁለቱም በ11 ሲገደፉ 8 ይተርፋል።

ግሩፕ የሚሠሩት ለስላሳዎቹ ብቻ ናቸው። ከ10 መፍትሔ አንዷን አውጣ፣ ኢንፊኒቲን ጨምር። 10። በ5 ይካፈላል!

ጎርጎራ_ማዶ

በኦቶሞርፊኩ ወገን ደግሞ 11 ቀደም ብዬ "ከጥቂት ፕራይሞች በስተቀር" ካልኳቸው አንዱ ነው፤ እንዲያውም ለእኛ ፎርም ብቸኛው። እዚያ ሁለት የሳታኬ ቁጥሮች የሉም። በቦታቸው ስታይንበርግ የሚባል ሪፕረዘንቴሽን ይቀመጣል። ከርቩ ራሱን የሚያቋርጥበት ቦታ ሁለት ታንጀንት አሉት፤ ታንጀንቶቹ በ11 ቁጥሮች ውስጥ ከተገኙ ኮኢፊሸንቱ 1 ይሆናል፣ ካልተገኙ −1። ታንጀንቶቹን ራስህ አውጣቸው። (8፣ 5)ን ወደ ዜሮ አዛውረህ ኢኩዌሽኑን እንደገና ጻፈው፣ ሁለተኛ ዲግሪውን ክፍል ብቻ ተመልከት። ከዚያ ስለ ስታይንበርግ ማንበብ ጀምር፤ ከዚያ በፊት አይደለም።

ቆጣሪዋ

አወጣሁት። (ለ − 5)² = (ሀ − 8)² × 23 መጣልኝ። 23 በ11 ሲገደፍ 1 ነው፣ 1 ደግሞ ካሬ ነው። ታንጀንቶቹ አሉ፣ ኮኢፊሸንቱም 1። ፔዳ_ማስተርስ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ካለህ ደረጃው 14 የሆነውን ሞዱላር ፎርም አብረን እንሞክር።